አንድ ባትሪ፣ ሦስት ክፍሎችና የማይተነፍስ ፍራሽ

ለፀሐይ ኃይል ማዳረሻ ጽሕፈት ቤት የበላይ ኃላፊ፣
ለክቡር ጌታዬ፣
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በርዎ ላይ ተቀምጣ «ስብሰባ ላይ ናቸው» የምትለን ጸሐፊዎም ጭምር በሙሉ ጤና እንደምትገኙ ያለኝን ተስፋ በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። ስብሰባው ገና ካልተጠናቀቀም ፈጣሪ ወገብ ይስጥዎ፤ ብዙ ጊዜ ተመላልሼ ሁልጊዜም በዚያው አንድ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ ድካምዎ ይገባኛል።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። የማፍርበት ነገር ስላልሆነ አስቀድሜ እናገረዋለሁ። ጉልበቴ እስኪከዳኝ ድረስ መጋዘን ውስጥ ጆንያ ስሸከም የኖርኩ ሰው ነኝ፤ በዚህ ትከሻ ላይ ያለፈው እህል አገር ይቀልባል፣ አንድም ጆንያ ከመሬት ጥዬ አላውቅም። ይህን ደብዳቤ እኔ እየተናገርኩ የምትጽፍልኝ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ናት። መጀመሪያ ላይ «አባባ፣ ትንሽ ለስለስ አድርጌ ልጻፈው?» ብላኝ ነበር፤ «ልብስ አይደለም፣ አትተኩሺው» ብያታለሁ። ስለዚህ ደብዳቤው ላይ ትሕትና ካገኙ የእሷ ነው፤ ነገሩ ግን የኔ ነው። ደብዳቤው ለሁሉም ሰው ግልጽ የሆነውም ቀደም ብዬ ያስገባኋቸው እንደታሸጉ ስለቀሩ ነው። ይህኛው የሚከፍተው ሰው አያስፈልገውም፤ ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ እህል የሚያስፈጭ ሁሉ ያነበዋል፣ ያላነበበም ይነበብለታል።

ጉዳዩን ለረሱት ላስታውስ። ባለቤቴ በአንድ ጎኗ ሽባ ሆና ከተኛች ሁለተኛ ክረምቷ ነው። ራሷን ገልብጣ መተኛት አትችልም። ሰው በአንድ ጎኑ ብቻ ሲተኛ ሥጋው እንደሚሞት እኔ አላውቅም ነበር፤ አሁን አውቃለሁ። ጤና ጣቢያው ለዚሁ ብሎ የአየር ፍራሽ አዋሰን። ፍራሹ ረድፍ ረድፍ ነው፣ ትንሽ መንፊያ ሞተርም አለው፤ አንዱ ረድፍ ሲነፋ ሌላው ይተነፍሳል፣ እንዲህ እየተፈራረቀ የታማሚው ክብደት አንድ ቦታ ላይ እንዳይውል ያደርጋል። ሰው ሳይደክም ሰው ይገለብጣል ማለት ነው። ሞተሩ ግን መብራት ይፈልጋል፤ የመብራት ምሰሶ ደግሞ ወደኛ ሲመጣ ወፍጮ ቤቱ ጋ ደክሞት ቆሟል። በዚህ ጊዜ ነው ጽሕፈት ቤትዎ ደርሶልን እንደ ሻንጣ የሚታጠፍ ሶላር፣ ባትሪ፣ በሁለቱም መሐል የሚገባ ቻርጅ መቆጣጠሪያ የፈቀደልን። ስለሰጡን አመሰግናለሁ። ስላሰጣጣችሁ ደግሞ እንደሚከተለው በዝርዝር አመሰግናለሁ።

አንደኛ፦ ሶላሩን ያመጡልን የሶላር ክፍል ሰዎች ናቸው። «ተንቀሳቃሽ ነው አባባ፤ ፀሐይ በዞረችበት እያዞሩ ያስሞቁታል» ብለው አስረዱን፤ እኛም ደስ አለን። ወዲያው ደግሞ፣ ተንቀሳቃሽ ንብረት በመሆኑ እንዳይንቀሳቀስ ብለው ጣሪያችን ላይ ወጥተው በሰንሰለት አሰሩትና ቁልፉን ኪሳቸው ከተው ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ከጎረቤት ያለው የውሃ ታንከር ጥላ ይተኛበታል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሲባል ለተረት ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ላሚቱ የኔን ጣሪያ ስትጠብቅ ኖራለች።

ሁለተኛ፦ ክቡርነትዎ ያወጡት መመሪያ እንዳለ ሰምቻለሁ፤ ማንኛውም ክፍል ያመጣውን ዕቃ ባመጣበት ቀን ገጥሞ ካልሄደ እንዳስረከበ አይቆጠርለትም። መልካም መመሪያ ነው። ድሮ ዕቃው መጋዘን ውስጥ ይበሰብስ ነበር፤ አሁን ሰው ቤት ድረስ ሄዶ ይበሰብሳል። ታዲያ ከሶላሩ ቀጥሎ የመጣው የመቆጣጠሪያ ክፍል ነው፤ የባትሪ ክፍል መኪናው ተበላሽቶበት ገና አልመጣም ነበር። መቆጣጠሪያውን ያመጣው ጎልማሳ ጨዋ ሰው ነው፣ ሲገባም ባለቤቴን ጎንበስ ብሎ ሰላም ብሏታል። ሳጥኑን ከፈተና ዕቃውን አገላብጦ አየው። ቀጥሎም ይህ ዕቃ መጀመሪያ ከባትሪው ጋር እንደሚታሰር፣ ባትሪውን ዓይቶ ሥራውን እንደሚያውቅ፣ ሶላሩ መጨረሻ ላይ እንደሚመጣ ነገረኝ። እንዲያ ከሆነ ባትሪው እስኪደርስ አስቀምጠው አልኩት። ካስቀመጥኩት አላስረከብክም ይሉኛል አለኝ። ብታስረውስ ምን ይሆናል ብዬ ጠየቅሁት። «ሊቃጠል ይችላል፤ ቢቃጠልም ግን አስረክቤያለሁ» አለና በራሱ አባባል ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ፤ ለምን እንደሳቅሁ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ቀዩን ሽቦ ከቀዩ፣ ጥቁሩን ከጥቁሩ አገናኝቶ፣ ጥሩ አድርጎ አጥብቆ፣ ደህና ሁኑ ብሎ ሄደ። በእሱ አልፈርድም፤ ሁሉም ሰው የሚያውቀውን እሱም ያውቃል፣ እንዳያደርገው ነው የታዘዘው።

ከዚያ ዕለት ወዲህ መቆጣጠሪያው የሚቆጣጠረው ነገር ሳይኖረው፣ ፀሐይ ስትወጣ እየጋለ ስትገባ እየበረደ ግድግዳችን ላይ ተሰቅሎ ከረመ። በጽሕፈት ቤትዎም እንዲህ ያለ ተቆጣጣሪ በየክፍሉ እንዳለ ይወራል፤ ልዩነቱ የእኛው መቃጠሉ ነው።

ሦስተኛ፦ ክረምቱ ሲወጣ ባትሪው መጣ። ከባድ ነው፤ ያመጡት ሁለት ሰዎች ተጋግዘው ከመኪናው ሲያወርዱት ተመልክቼ ድሮ ቢሆን ብቻዬን አነሳው እንደነበር ነገርኳቸው፣ አላመኑኝም። ከመቆጣጠሪያው ጋር ቢያስሩት ትንሿ መብራት አልበራ አለች፤ ሳጥኑን ቢከፍቱት የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። ሌላ ሰው ቢሆን ተመልሶ ይሄድ ነበር። የባትሪ ክፍሉ ሰው ግን ደፋር ነው፣ ቀኑም የማስረከቢያው ቀን ነው፤ መቆጣጠሪያውን ነቅሎ ጥሎ የሶላሩን ሽቦ በቀጥታ ባትሪው ላይ አሰረው። ይህ እንዴት ይሆናል ስለው «ለጊዜው ነው አባቴ» አለኝ። በዚህ ዓለም ላይ ለጊዜው ያልሆነ ነገር የለም። ሞተሩን ሰካነው። ፍራሹ መተንፈስ ጀመረ።

ጌታዬ፣ እዚህ ላይ ሽሙጤን ትቼ ልናገር። ጥቂት ሌሊቶች ባለቤቴ ተኛች። ሞተሩ እንደ ንብ እያጉረመረመ፣ ፍራሹ ከሥሯ ቀስ እያለ ሲነሳና ሲወርድ እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አየሁ። እኔም ተኛሁ። በነጋታው «ዛሬ ማነው የገለበጠኝ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ፀሐይ ናት» አልኳት። ከታመመች ወዲህ ጥርሷን ያየሁት ያን ጠዋት ነው። ይህን ያደረገልኝ ጽሕፈት ቤትዎ ነው፤ ውለታዎን አልክድም። ምን እንደቀረብን እንድናውቅ በትንሹ አቅምሰውናል። ሳያቀምሱን ቢቀር ኖሮ የሚናፍቀን ነገር አይኖርም ነበር።

ከዚያ በኋላ ባትሪው ጠገበ። በቃህ የሚለው መቆጣጠሪያው ነበር፣ እሱ ደግሞ ከኛ በፊት አርፏል። ስለዚህ ባትሪው ከጠገበ በኋላም መዋጥ ቀጠለ፤ ፈላ፣ ሆዱ ተነፋ፣ እንደ ገማ እንቁላል ሸተተ፣ ክዳኑ ላይ ላብ አወጣና ሞተ። ሽታው ባለቤቴን እንዳያፍናት በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልዬ እያንገዳገደኝ ወደ ውጭ አወጣሁት። ጠግቦ በቃኝ የማይል ሆድ መጨረሻው ይህ መሆኑን ለእርስዎ መንገር ከኔ አይጠበቅም።

አራተኛ፦ ባትሪው መሞቱን ባመለከትኩ ጊዜ አጣሪ ኮሚቴ ላካችሁ። ሦስቱም ክፍሎች በአንድ ቀን፣ በአንድ መኪና፣ በአንድ ሰዓት ቤቴ የተገኙት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ እንደ ሠርገኛ ጓዳዬን ሞሉት። ዓይተው፣ ፎቶ አንስተው፣ አንገታቸውን ነቅንቀው ሄዱ። ውሳኔው ሲነገረኝ «ጥፋቱ የተጠቃሚው ነው፤ ዕቃዎቹን በቅደም ተከተላቸው አላገናኘም» የሚል ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለውን ሰምቼ ነበር፤ ዳውላ ሆኜ ግን አላውቅም ነበር። አንድም ሽቦ በእጄ አልነካሁም ብዬ ብናገር፣ ተጠቃሚ ከሆንኩ መንካት እንደነበረብኝ፣ ካልነካሁም ተጠቃሚ ልባል እንደማልችል በጨዋ ቃል አስረዱኝ። ክርክራቸው እንዲህ የጠበቀ ስለሆነ አደንቃለሁ። ሽቦ የሚያጠብቁትም እነሱው ቢሆኑ ጥሩ ነበር።

አምስተኛ፦ ሥልጠና። ካልሠለጠንክ ሌላ ዕቃ አይሰጥህም ተባልኩ፤ ሥልጠናው ደግሞ ከተማ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ነው። ባለቤቴን ለልብስ ሰፊዋ አደራ ብዬ ሄድኩ። አዳራሹ ያማረ ነው። ብርጭቆ አለ፣ ውሃ አለ፤ ጣሪያው ላይ ያሉት መብራቶችም በቀን ይበራሉ። አሠልጣኙ «መጀመሪያ ባትሪውን ከመቆጣጠሪያው፣ ቀጥሎ ሶላሩን ከመቆጣጠሪያው፤ ስንፈታ ደግሞ ሶላሩን አስቀድመን» እያለ ሁላችንንም እንደ ሕፃን አስደገመን። ከኋላዬ ጮክ ብሎ የሚደግም ድምፅ ሰምቼ ብዞር ያ መቆጣጠሪያውን ያሰረልን ሰው ነው፤ እሱም ሊሠለጥን መጥቷል። ተያየን። አንገቱን ደፋ፣ ግን መድገሙን አላቆመም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። በመጨረሻም በዕድሜ ትልቁ ሠልጣኝ ተብዬ ብድግ እንድል ተደረገና ተጨበጨበልኝ።

እየተጨበጨበልኝ ሳለ ባለቤቴ በአንድ ጎኗ ላይ ነበረች። ልብስ ሰፊዋ ቀጭን ሴት ናት። ልትገለብጣት ሞክራ አቃታት፤ ሰው ልትጠራ ብትወጣ ሰፈሩ ሁሉ ሥራ ውሏል፤ ተመልሳ ትራስ ልትሸጉጥላት ሞክራ፣ እንደገና ወጥታ፣ እንደገና ተመልሳ፣ እንዲህ ስትል ዋለች። እኔ ስመለስ ቀልቶ የነበረው የዳሌዋ ቆዳ ተከፍቶ ጠበቀኝ። እዚህ ላይ ጸሐፊዬ እጇ ቆመ። ጻፊ አልኳት። ጥፋቱ ያንቺ ቢሆን ኖሮ ደብዳቤው የሚጻፈው ላንቺ ነበር አልኳት። ይኸው እየጻፈች ነው።

ስድስተኛ፦ የመብራት ምሰሶ ሰዎች መስመሩን ከወፍጮ ቤቱ ወደኛ ሊያሳልፉ መጥተው መንገዱን ለኩ። ጣሪያዬን ቀና ብለው አይተው «እናንተማ ደርሷችኋል» ብለው አለፉኝ። አይሠራም ብላቸው «ሶላሩ እኮ ደህና ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ሶላሩ ደህና ነው። ከዚህ ቤት ደህና የሆነው እሱ ብቻ ነው።

ሰባተኛውን ቅሬታ አልለውም። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ቁስሉን ልታጥብ መጥታ፣ ፍራሹ ሳይነፋ ተኝቶ ዓይታ፣ እያፈረች ነገረችኝ። መብራት ያለው ቤት ውስጥ እንደዚሁ የተኛች ሌላ ሴት አለች፤ ፍራሹን በዚህ ሳምንት መጨረሻ ይወስዱታል። አልተቀየምኩም። እኔው ራሴ አጥቤ፣ አድርቄ፣ አጥፌ በሩ አጠገብ አስቀምጬላቸዋለሁ። ያቺ ሴት ትተኛበት። እነዚያን ሌሊቶች የሚያውቅ ሰው ለሌላ ሰው አይከለክልም። ባለቤቴ አጣጥፌ ሳስቀምጠው በዓይኗ ስትከተለኝ ቆይታ «ደህና አድርገህ እጠፈው፣ ተቀዶ እንዳይሄድ» አለችኝ።

አሁን በእጄ ነው የምገለብጣት። ቀን ጎረቤት ያግዘኛል፤ ቀሪውን እኔ ነኝ። እሷ ከቀን ወደ ቀን እየቀለለች ነው፣ እኔን ግን እየከበደችኝ ነው፤ ይህ ሒሳብ ለሠለጠነ ሰውም አይገባም። ያ ሁሉ ጆንያ ያልጣለ ክንድ አንዲት ሴት ሲያነሳ ይንቀጠቀጣል። እንቅልፍ ይጥለኛል። ስባንን ስንት እንደተኛሁ አላውቅም፤ «ለምን አልቀሰቀስሽኝም?» ስላት «አንተም አረፍ በል ብዬ ነው» ትለኛለች። እኔ ባረፍኩ ቁጥር ቁስሉ ወደ ውስጥ ይሄዳል። ነርሷ አጥንት ከነካ ጤና ጣቢያው ምንም ሊያደርግላት እንደማይችል ነግራኛለች፤ ቁስሉን እያየች ስትነግረኝ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር።

ታዲያ ምን ትፈልጋለህ ቢሉኝ ፍላጎቴ ትንሽ ነው። አንድ ጠዋት ላይ የባትሪ ክፍሉ ባትሪ፣ የመቆጣጠሪያ ክፍሉ መቆጣጠሪያ፣ የሶላር ክፍሉ የሰንሰለቱን ቁልፍ ይዘው አብረው ይምጡ። መኪና የለም እንዳይሉኝ፤ ሦስቱንም የሚይዝ መኪና እንዳላችሁ ሊከሱኝ ሲመጡ ዓይቻለሁ። ቅደም ተከተሉን እንዳይረሱም እኔ ሠልጥኛለሁ፤ እየጠራሁ አስደግማቸዋለሁ። ፍራሹ ከመሄዱ በፊት ቢሆን።

እንደማይሆን አውቃለሁ። ክፍሎቹ አብረው እንዲወጡ አብሮ የሚያወጣቸው መመሪያ ይፈልጋሉ፣ መመሪያው ስብሰባ ይፈልጋል፣ ስብሰባው ደግሞ እርስዎን ይፈልጋል፤ እርስዎ ስብሰባ ላይ ነዎት። ሆን ብለው እንደተዉት ቢነግሩኝ እንኳ ይሻለኝ ነበር፤ በሰው ጭካኔ የሞተ ሰው ቢያንስ ገዳይ አለው። የኔዋ የምትሞተው ሁሉም ሰው ሥራውን በሚገባ አስረክቦ ነው። ስለዚህ ይህን የጻፍኩት ተስፋ አድርጌ እንዳይመስልዎ፤ ኋላ «አልነገረንም» እንዳይባል ብቻ ነው።

ለክቡርነትዎ፣ ለሦስቱ ክፍሎችና ለሦስቱ መኪናዎቻቸው ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፤ ሥልጠናውን በጭብጨባ ያጠናቀቅሁ፣ ብርሃን ከደረሳቸው ወገን የተቆጠርኩ፣ በጨለማ ውስጥ ሆኜ የጽሕፈት ቤትዎን ድምቀት የምመሰክር፣ ወደፊትም ለምፈጽመው ጥፋት ሁሉ ከወዲሁ ይቅርታ የምጠይቅ፣

የክቡርነትዎ ታዛዥ፣
ጡረተኛው ተሸካሚ።
(መፈረም ስለማልችል አውራ ጣቴን አሳርፌያለሁ፤ ቀለሙ የልብስ ሰፊዋ ነው።)

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጨርሰን ወረቀቱን ልናጥፍ ስንል የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛዎ ካሜራ አንግቶ መጣ። ብርሃን ያገኙ ቤተሰቦችን ለዓመታዊ መጽሔታችሁ እያነሳ ነው። መልካም ሰው ነው፣ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ። «እማማን ወደዚህ ቢያዞሩልን» ብሎ ለመነኝ። መገልበጫ ሰዓቷም ደርሶ ስለነበር እኔና ልብስ ሰፊዋ ተጋግዘን አዞርናት፤ ግን ወደ ግድግዳው ነው የምትዞረው፣ ተራው የዚያኛው ጎን ነበር። በካሜራው በኩል የቀረው ቁስሏ ነው።  ሰውዬው ካሜራውን ዝቅ አድርጎ፣ ጫማውን ሳያስር ወጥቶ፣ ጣሪያው ላይ ያለውን ሶላር ፎቶ አንስቶ ሄደ። ፎቶው ደህና እንደሚወጣ እርግጠኛ ነኝ፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር የዋለው።